አሰልጣኝ ልንቀጥር ነው፤ ምኑን እንጠይቀው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የአንድ ፕሮፌሽናል የራግቢ ክለብ የቦርድ አባል ነኝ። ሙያዬ ሒሳብ ነው። ራግቢ ማየት እወዳለሁ እንጂ ተጫውቼ አላውቅም። ሰሞኑን ዋና አሰልጣኝ የሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ አስገቡኝ። የሁሉም ልብ ያረፈበት አንድ ዕጩ አለ። ሻምፒዮን በሆነ ክለብ ውስጥ የመከላከል አሰልጣኝ ነበር። ዋና አሰልጣኝ ግን ሆኖ አያውቅም። ለቃለ መጠይቅ መጥቶ አፋችንን አስከፍቶን ሄደ። ስላይዱ፣ አነጋገሩ፣ ሁሉ ነገሩ! ሰብሳቢያችን «ሌላ ክለብ ሳይቀድመን እናስፈርመው» እያሉ ነው። እኔ ግን የሆነ ነገር ቅር ብሎኛል። ምን እንደሆነ ብጠየቅ መልስ የለኝም። የራግቢ ሰው ስላልሆንኩም አፌን ሞልቼ መናገር ፈራሁ። ምን ልጠይቅ?

ልቡ ያልቆረጠ የቦርድ አባል

መልስ፦ ቅር ያለዎትን እኔ ልገምት። ሰውዬው ሲያወራ እንጂ ሲሠራ አላያችሁትም። እኔ ለብዙ ዓመታት የፎርዋርዶች (ከፊት ሆነው የሚገፉት ተጫዋቾች) አሰልጣኝ ነበርኩ። በኋላም ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ አሰልጣኝ ከሚቀጥሩት አንዱ ሆኛለሁ። አብሬያቸው ከሠራኋቸው ዋና አሰልጣኞች ምርጡ፣ ለቃለ መጠይቅ ሲገባ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶት ነበር። ጥያቄ ስንጠይቀው መሬት መሬት እያየ ነበር የሚመልሰው። ሜዳ ላይ ፊሽካ ሲይዝ ግን ሌላ ሰው ነው።

መጀመሪያ ዕጩውን ለጊዜው ተዉትና ቡድናችሁን እዩ። በሚቀጥለው ስብሰባ ለእያንዳንዱ የኮሚቴ አባል ቁራጭ ወረቀት ይስጡ። አዲሱ አሰልጣኝ በመጀመሪያው የውድድር ዘመን እንዲሠራ የሚፈልጉትን አንድ ነገር ሁሉም ለየብቻው ይጻፍ። አንዱ «ወጣቶቹን ያሳድግ»፣ ሌላው «ዋንጫ ያምጣ»፣ ሦስተኛው «የደሞዝ ወጪ ይቀንስ» ብሎ ከጻፈ ችግሩ ዕጩው ጋ አይደለም። እንዲህ ያለ ኮሚቴ የቀጠረው አሰልጣኝ ሲባረር አይቻለሁ። ሰውዬው እስከ መጨረሻው ቀን ምን እንደተፈለገበት አልገባውም ነበር።

አሁን ወደ ሰውዬው። ሻምፒዮን ክለብ ውስጥ መሥራቱ ጥሩ ነው። ግን ዋንጫ የብዙ ሰው እጅ ያለበት ነገር ነው። የዌልስ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ የነበረውን ዋረን ጋትላንድን ይውሰዱ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከዌልስ ጋር በ2008፣ በ2012 እና በ2019 ግራንድ ስላም ሠርቷል። በስድስቱ አገሮች ውድድር አምስቱንም ጨዋታ ማሸነፍ ማለት ነው። ከ2019 የዓለም ዋንጫ በኋላ ሄደ፤ በ2022 መጨረሻ ደግሞ ተመልሶ መጣ። በ2024 ዌልስ ያደረገቻቸውን 11 ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈች። በ2025 መጀመሪያ ላይ እሱም ለቀቀ። ሰውዬው ያው፣ አገሩም ያው። ነባሮቹ ተጫዋቾች እነ አለን ዊን ጆንስ፣ እነ ዳን ቢገር ግን ከብሔራዊ ቡድኑ ተሰናብተው ነበር።

ኤዲ ጆንስንም ይመልከቱ። በ2015 የዓለም ዋንጫ ጃፓንን ይዞ ደቡብ አፍሪካን 34 ለ 32 አሸነፈ። በራግቢ ከዚያ የባሰ ያልተጠበቀ ውጤት አላየሁም። በ2023 ደግሞ አውስትራሊያን ይዞ በዌልስ 40 ለ 6 ተረታ። አውስትራሊያም በዓለም ዋንጫ ታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች። ያን ቀን ያሸነፈው የዌልስ አሰልጣኝ ማን ነበር? ጋትላንድ ነዋ! ስቲቭ ሃንሰን የሄደበት መንገድ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በ2003 የስድስቱ አገሮች ውድድር ዌልስን ይዞ አምስት ተጫውቶ አምስቱንም ተሸነፈ። በ2015 ኒውዚላንድን ይዞ የዓለም ዋንጫ አነሳ። የማሸነፍ መቶኛ ብቻ የሚያይ ኮሚቴ ሃንሰንን ገና ከበሩ ይመልሰው ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ዋንጫ በላህ?» ሳይሆን «ከዚያ ውስጥ ያንተ ሥራ የቱ ነው?» ነው። እዚህ ላይ የእርስዎ ሙያ ከእኔ ይበልጣል። ክለቡ እሱ ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ስንት ትራይ (ኳሷን ከግብ መስመር ማዶ መሬት አስነክቶ የሚገኝ ነጥብ) ይገባበት ነበር? እሱ እያለስ? ከሄደ በኋላስ? በጥፋቱ ስንት ፔናልቲ (ቅጣት ምት) ለተጋጣሚ ያሰጥ ነበር? አጠገቡ ደግሞ የተጫዋቾቹን ደሞዝ ያስቀምጡ። በሊጉ ትልቁን ደሞዝ ከፍሎ ሁለተኛ የወጣ ክለብና በትንሽ ገንዘብ ስድስተኛ የወጣ ክለብ ቢወዳደሩ፣ ስድስተኛ የወጣው ክለብ አሰልጣኝ የተሻለ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ይህን በአንድ ምሽት ያወጡታል። ሌሎቹ የኮሚቴ አባላት ግን ከነጭራሹ አያስቡትም።

ቀጥሎ ቪዲዮ። «መከላከልህ የፈረሰበትን አንድ ጨዋታ ራስህ መርጠህ አምጣ» በሉት። ያሸነፈውን እንዳታዩለት። ጎበዝ የመከላከል አሰልጣኝ ምስሉን አቁሞ ያሳያችኋል። ራኩ (መሬት ላይ ባለች ኳስ ዙሪያ የሚገፋፉበት ክምር) አጠገብ የቆመው ልጅ ለምን ወደ ውስጥ እንደተሳበ፣ የክንፍ ተጫዋቹ ለምን ቀድሞ እንደወጣ፣ ከኋላ ያለውን ባዶ ሜዳ ማን መሸፈን እንደነበረበት ይዘረዝራል። ከዚያም በሳምንቱ ልምምድ ላይ ምን እንደቀየረ ይነግራችኋል። «ልጆቹ ትኩረት አጥተው ነው» ብሎ ካለፈው ግን ማስታወሻ ይያዙ። ትኩረት ማጣት አሰልጣኝ ሌላ ምክንያት ሲያጣ የሚያወጣት ምክንያት ናት። እኔም ስንቴ ሰምቻታለሁ።

ከረዳትነት ወደ ዋናነት መዝለሉስ? ይቻላል። አንዲ ፋረል በአየርላንድ ከ2016 ጀምሮ የመከላከል አሰልጣኝ ነበር። ከ2019 የዓለም ዋንጫ በኋላ ዋናውን ቦታ ያዘ። በ2022 ኒውዚላንድን በገዛ አገሯ በሦስት ተከታታይ ጨዋታዎች ሁለቱን በልጦ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በ2023 ግራንድ ስላም ሠራ። ጃክ ኒናበር ደግሞ የጀመረው በፊዚዮቴራፒስትነት ነው። ከዚያ የመከላከል አሰልጣኝ ሆነ፣ ከዚያም የደቡብ አፍሪካ ዋና አሰልጣኝ። በ2023 ኒውዚላንድን 12 ለ 11 አሸንፎ የዓለም ዋንጫውን ወሰደ። ግን ልብ ይበሉ፤ ራሲ ኢራስመስ የራግቢ ዳይሬክተር ሆኖ አብሮት ነበር። ኒናበር ከዚያ በኋላ ወደ አየርላንዱ ክለብ ሌይንስተር ሲሄድም ዋና አሰልጣኝነቱን አልያዘም። እዚያ ዋናው ሊዮ ከለን ነበር።

እዚያው ሌይንስተር ሌላም ትምህርት አለ። ስቱዋርት ላንካስተር የእንግሊዝ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ በ2015 በገዛ አገሩ በተዘጋጀው የዓለም ዋንጫ ከምድቡ ሳያልፍ ቀረ። ስሙ ጠፋ። በ2016 ከከለን ሥር ገብቶ ሜዳውን ያዘ። በ2018 ሌይንስተር የአውሮፓን ዋንጫ በላ። አንዳንድ ሰው ሜዳ ላይ ተዉት፤ ወርቅ ነው። ቦርዱን፣ ጋዜጠኛውን፣ ውሉን፣ የተጫዋቹን ወኪል አብረህ ተሸከም ሲባል ግን ይጎብጣል። ስለዚህ የእናንተ ክለብ ውስጥ ያንን ሸክም የሚጋራው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። ዳይሬክተር አላችሁ? ከሌላችሁ ለዚህ ዕጩ ቦታው ከባድ ነው። «አይቻልም» ማለቴ አይደለም፤ ከባድ ነው።

አሁን የራግቢ ሰው ላልሆነ ሰው የምነግረው ዋና ነገር ላይ ደረስኩ። የራግቢ ዋና አሰልጣኝ ጨዋታው ሲጀመር ሜዳው ዳር አይቆምም። ላይ ተመልካች መሃል ተቀምጦ ነው የሚያየው። በ80 ደቂቃ ውስጥ እረፍት የሚባለው አንድ ነው። የቡድን ስብሰባ ለማድረግ ጨዋታ ማስቆም የሚባል ነገር የለም። ተቀያሪ ያስገባል፣ በሬዲዮ መልእክት ይልካል፣ አለቀ። ውሃ የሚያቀብሉትም ቢሆኑ ከ2022 ወዲህ በየደቂቃው ሜዳ እንዳይገቡ ደንቡ ጠበቅ ብሏል። በ2021 ኢራስመስ ራሱ ውሃ አቀባይ ሆኖ ሜዳ ይገባ ነበር፤ ብዙ አነጋገረ።

ጃፓን ደቡብ አፍሪካን ያሸነፈችበትን ያን የብራይተን ጨዋታ ያስታውሱ። ጃፓን 32 ለ 29 እየተመራች፣ ሰዓቱ አልቆ፣ ፔናልቲ አገኘች። ኳሷን በቋሚዎቹ መሃል ቢሰዷት ሦስት ነጥብ፣ አቻ። ኤዲ ጆንስ ከላይ ሆኖ ሦስቱን ነጥብ ነበር የፈለገው። አምበሉ ማይክል ሊች ግን ስክረም (የሁለቱ ቡድን ፎርዋርዶች ተቆላልፈው ለኳስ የሚገፋፉበትን) መረጠ። ካርን ሄስኬት ጥጉ ላይ ትራይ አገባና ጃፓን አሸነፈች። የአሰልጣኙ ትልቅ ሥራ የቱ እንደነበር አዩ? አለቃቸውን እምቢ ብለው በትክክል መወሰን የሚችሉ ልጆች ማዘጋጀቱ ነው። ዕጩውን «ያለ አንተ መወሰንን የምታስተምራቸው እንዴት ነው?» በሉት። «እተማመንባቸዋለሁ» መልስ አይደለም። በልምምድ ላይ የሚያደርገውን ይንገራችሁ።

ከተናገረ በኋላ ደግሞ ያሳያችሁ። ሜዳ አውጡት። ዋናውን ቡድን መስጠት ካልተመቸ የአካዳሚ ልጆች ስጡትና 40 ደቂቃ ያሠልጥን። እርስዎ ኳሱን አይዩ። ልጆቹ ቆመው እሱ የሚያወራበትን ጊዜ በሰዓት ይያዙ። ከሰልፉ መጨረሻ ያለውን ዓይን አፋር ልጅ ያናግረዋል ወይ? ስሙን ይጠይቀዋል? መሃል ላይ ደግሞ ያልጠበቀውን ነገር ይጣሉበት። እኛ «ሁለቱ ፕሮፖች (ስክረሙን ከፊት የሚሸከሙት) ተጎድተዋል» ብለን እናስወጣ ነበር። በራግቢ ፕሮፕ ሲጎድል ማንንም አንስተው አይተኩም። ያልሠለጠነ ሰው ስክረም ፊት ላይ ከቆመ አንገቱ አደጋ ላይ ነው። አንዱ ዕጩ ምንም እንዳልተፈጠረ ስክረሙን ሊቀጥል ሲል እኛው ነን ያስቆምነው። ሌላው «ጥሩ፣ ቢጫ ካርድ አይተናል እንበል፤ አሥር ደቂቃ በጎደሎ እንጫወት» ብሎ ልምምዱን እዚያው ቀየረው። ሁለተኛውን ቀጠርነው። ቃለ መጠይቁ ግን መካከለኛ ነበር።

ስለ ሰውዬው ማንን እንደምትጠይቁ ደግሞ ልንገርዎ። ራሱ የሰጣችሁን ስልክ መደወል አያስፈልግም፤ ያመሰግኑታል። ከቡድኑ ያስወጣውን ተጫዋች ፈልጉ። ትጥቅ ያዡን ፈልጉ። ወጌሻውን ደግሞ በተለይ ፈልጉ። ተጫዋቹን «እንዴት ነገረህ?» በሉት። ፊት ለፊት ጠርቶ ነግሮት ነበር ወይስ ስም ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ነው ያወቀው? ወጌሻውን የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ያልዳነ ተጫዋች ቶሎ አስገባልኝ ብሎህ ያውቃል?» ጭንቅላቱን ተመትቶ የተጠረጠረ ተጫዋች ለ12 ደቂቃ ወጥቶ ይመረመራል። ይመለስ አይመለስ የሚለው የሐኪሙ ውሳኔ ነው። ሐኪሙን የሚጫን አሰልጣኝ አሥር ዋንጫ ቢኖረውም እኔ አልቀጥረውም። እዚህ ላይ ሽምግልናም አልቀበልም።

ይዟቸው የሚመጣቸውን ረዳቶችም አይርሱ። ዕጩዎ መከላከል ያውቃል። ስክረሙን ማን ይይዝለታል? ላይንአውቱንስ (ኳስ ከመስመር ስትወጣ የሚወረወርበትን)? ከእሱ የሚበልጡ፣ «ተሳስተሃል» የሚሉት ሰዎች ስም ከጠራ ደስ ይበላችሁ። የጠራቸው ሁሉ የድሮ ጓደኞቹ ከሆኑ ግን አንድ ሰው ሳይሆን አንድ ማኅበር ነው የምትቀጥሩት። ሲባረርም ሁሉም ካሳ አላቸው። ያንን እርስዎ ያስሉታል።

ሰብሳቢዎን አንድ ሳምንት ይለምኗቸው። በጥሞና ላስብበት ያለ ክለብን ጥሎ የሚሄድ ዕጩ፣ በሁለተኛው የሽንፈት ወርም ጥሎ ሊሄድ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ተጫዋች ነኝ። የክለባችን ኃላፊዎች ሦስታችንን ጠርተው ስለ አዲሱ ዕጩ አሰልጣኝ ሊጠይቁን ነው። ሰውዬው ድሮ በሌላ ክለብ አሠልጥኖኛል። ሥራውን ይችላል፤ ግን ቂመኛ ነው። እውነቱን ብናገርና ሰውዬው ቢቀጠርስ? ዝም ብል ደግሞ ጓደኞቼን የከዳሁ ይመስለኛል።

ቁጥር 9

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተናገር። ግን «ቂመኛ ነው» አትበል። እሱ የአንተ ፍርድ ነው፤ ቢወጣ ጠብ ያመጣል፣ ኮሚቴውም ምን ያድርገው? ያየኸውን ተናገር። «ስብሰባ ላይ ሐሳቡን ተቃወምኩ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር አልተሰለፍኩም። ለምን እንደሆነም አልነገረኝም።» ይሄ በቂ ነው። ፍርዱን እነሱ ይስጡ። ሥራውን የሚችልበትንም በዚያው አፍህ ንገራቸው። ሰውዬው የቡድናችሁን ላይንአውት ካስተካከለ፣ ምት ካስተማረህ፣ በል። ሁለቱን የተናገረ ሰው ይታመናል።

ከመናገርህ በፊት ግን ማስታወሻ የሚይዘው ማን እንደሆነ ጠይቅ። በጽሑፍ አትስጥ። ሦስታችሁን አንድ ላይ ካስቀመጧችሁም ለየብቻ እንዲያናግሯችሁ ጠይቁ። ሦስት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሲጠየቅ አንደኛው ይናገራል፣ ሁለቱ ይነቀንቃሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ለኃላፊዎቹ። ተጫዋችን መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ተጫዋች አሰልጣኝ ይምረጥ ማለት ግን ሌላ ነው። ልምምድ ጠበቅ የሚያደርገውን ሰው በድምፅ ብልጫ የሚመርጥ ቡድን እስካሁን አልገጠመኝም።

ጥያቄ፦ እንዴ ጋሼ! የምደግፈው ክለብ ሌላ ቦታ የተባረረ አሰልጣኝ ሊያመጣ ነው። ሰው ጠፋ? ትኬት በገዛ ገንዘባችን እየገዛን የሌላውን ውራጅ ነው የምናየው?

የበገነ ደጋፊ

መልስ፦ በመብገንዎ አልፈርድም። ግን ለምን እንደተባረረ ያውቃሉ? በ2022 እንግሊዝ ውስጥ ዋስፕስና ዉስተር የሚባሉ ሁለት የታወቁ ክለቦች በገንዘብ እጦት ከሊጉ ወጡ። አሰልጣኞቹም ሥራ አጡ። ስክረሙ ደክሞ አይደለም።

በ2007 ደግሞ ኒውዚላንድ በዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ በፈረንሳይ 20 ለ 18 ተሸንፋ ወጣች። አሰልጣኙ ግራሃም ሄንሪ ይባረር ያለው ብዙ ነበር። የኒውዚላንዱን ክለብ ክሩሴደርስን ይዞ ዋንጫ የለመደው ሮቢ ዲንስም ለቦታው ቀርቦ ነበር። ፌዴሬሽኑ ግን ሄንሪን መልሶ ቀጠረው። ዲንስ ወደ አውስትራሊያ ሄደ። በ2011 ግማሽ ፍጻሜ ሁለቱ ተገናኙና ሄንሪ 20 ለ 6 አሸነፈ። ፍጻሜውንም 8 ለ 7 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ዲንስን መርጠው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ማንም አያውቅም። ግን ሄንሪን የተሸነፈበት ጨዋታ ብቻ አይተው አልጣሉትም።

ክለባችሁ አዲሱን ሰው ለደጋፊ ሲያስተዋውቅ ይሂዱና እጅ ያውጡ። «ከተባረርክ በኋላ ባሉት ወራት ምን ስትሠራ ነበር?» ብለው ይጠይቁት። የተሸነፈባቸውን ጨዋታዎች ቁጭ ብሎ ማየቱን፣ ሌላ ቡድን ሄዶ ልምምድ መከታተሉን፣ ምን እንደቀየረ ከነገራችሁ ጥቂት ጨዋታ ይታገሡት። ስለ ድሮ ክለቡ ኃላፊዎች ክፋት ብቻ ካወራ ደግሞ፣ በሚቀጥለው ጽሑፍዎ አብሬዎት እበግናለሁ።